ዶማውን የቀማሁበት ወር

በአገራችን "ወፈርህ!" ያለህ ሰው መረቀህ ማለት ነው፤ "ከሳህ" ያለህ ግን ለቤተሰብህ ሥራ ሰጥቶ ሄደ። ዳንግላ ገበያ ላይ ሦስት ሰው "ምነው ከሳህ?" ካለህ ቤትህ ዶሮ ይታረዳል። እኔም በዚህ እምነት አድጌ አርጅቼበታለሁ።

በዚህ ሚዛን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ፈንታ የደላቸው ጌታ ነበሩ። ዳንግላ የእህል መደብር ከከፈቱ ወዲህ ወንበር ላይ ውለው ወንበር ላይ ያመሻሉ፤ ቦርጫቸው ከሱቁ ደጃፍ እሳቸውን ቀድሞ ይወጣል። ክንዳቸው እየቀጠነ መምጣቱን ማን ልብ ይበል? ክንድ በጋቢ ይሸፈናል።

ባለፈው ዓመት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባቸው። ባሕር ዳር ያየቻቸው ወጣት ሐኪም እንዲህ አለቻቸው፦ "አባባ፣ ዕጢው ይወጣል። ግን ሆድዎ ውስጥ ስቡ በዝቷል፤ ጡንቻዎ ደግሞ አልቋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግፎ የሚያነሳዎት ጡንቻው ነው። አንድ ወር አለን፤ በየቀኑ ይራመዱ፣ ጓሮዎን ይቆፍሩ፣ እንቁላልና ባቄላ ይብሉ።" እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ፣ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ጋሼ ፈንታ ቃሏን ያዙ። በሳምንቱ ከእንጅባራ በጠዋቱ ሚኒባስ ስደርስ ጓሮ ገብተው ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ካንሰር የያዘው ሰው፣ ወንድሙ በቁሙ እያለ፣ ዶማ ይዞ! እውነቱን ልንገርህ፤ ከሕመማቸው ይበልጥ ያስጨነቀኝ በአጥሩ ላይ አሻግራ የምታየን ጎረቤት ነበረች። ዶማውን ቀማሁ።

"ተው አንተ! ሐኪሟ እኮ ናት ያዘዘችኝ" አሉ።

"እርስዎ ይረፉ ጋሼ። እኛ ለመቼ ነን?"

ቤተ ክርስቲያን እንኳ በእግራቸው እንዳይሄዱ ባለባጃጅ ያዝሁላቸው። ቅቤውና የሙክት ሥጋው ከየዘመዱ ጎረፈ። ወሩ ሲያልቅ ፊታቸው ሞላ፤ ያያቸው ሁሉ "አማረባቸው!" አለ። ከወንበር ሲነሱ ግን እጄን መያዝ ጀምረው ነበር።

ዕጢው ወጣ፤ ስቡ ሥራዋን እንዳከበደባት ሐኪሟ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ቁስሉ አልገጥም አለ። ተነስተው ለመቀመጥ፣ አስለው አክታ ለማውጣት አቅም አጡ። ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ "ወሩን ሙሉ ይራመዱ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ወለሉን አየሁ።

"እኔ ነኝ የሰነፍሁት፣ ልጄ" አሉ ጋሼ ፈንታ። "እሱማ ጎትጉቶኝ ነበር።"

ሳንባ ምች ይዟቸው በሳምንቱ አረፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ቢቆፍሩ ኖሮ ይድኑ ነበር ብዬ አልምልም፤ ያን ማን ያውቃል። ግን አንድ ወር ተሰጥቷቸው ነበር፤ የወሰድሁባቸው እኔ ነኝ። ይቆጨኛል። ድንች ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ለቅሶው ላይ ያቺ የአጥር ጎረቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድምስ እንዳንተ ነው! ዶማ እንኳ አላስነካሃቸውም" አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልሁ።