የትንፋሽ መምህሩ ጎረቤቴ

በእናንተ ሰፈር «ሰው መተንፈስ አያውቅም» ብሎ የሚያስተምር አለ? በመካነ ሰላም ነበረን። ጎረቤቴ ይመር ለፈራም ለታመመም መድኃኒቱ አንድ ነበር፦ «በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ቀስ ብለህ ልቀቅ!» እህል በጠፋበት በዚያ የአብዮት ዘመን አየር አልጠፋምና ሰሚ አላጣም። እኔንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዳለኝ ስተነፍስ እንቅልፍ ወስዶኛል።

አንድ ጠዋት ቤቴ ሲያስተምረኝ ቤት የሚፈትሹ የቀበሌ አሳሾች ገቡ። የሚፈልጓት ተማሪዋ ልጄ ባዶው ጎታ ውስጥ ነበረች። ወደ ጎታው ላለማየት ወደ ይመር ዞርሁ። «ሳብ!» አለኝና እሱም ሳበ፤ መልቀቁን ግን ፍርሃት አስረሳው። አንዱ አሳሽ የጎታውን ክዳን ሲነካ ይመር ዘፍ ብሎ ወደቀ።

«ወላሂ፣ ሰውዬው ሞተ! አንሱት!» ተባብለው ተሸክመውት ወጡ።

ሳይመለሱ ልጄን ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ወደ ወግዲ አሻገርኋት። ይመርም ዳነ፤ ገበያተኛው ግን «የትንፋሽ መምህር ትንፋሽ አጠረው!» እያለ ሳቀበት። ውለታ መካድ ነውር ነው እያልሁ ልጆች ያሳደግሁት እኔም አብሬ ሳቅሁ። ብሟገትለት «ምን አደረገልህ?» ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ።