የማይሟሟው ሳሙና

በሰው ልጅ የእጥበት ታሪክ የሳሙና ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ያህል አርቆ ያየ ሰው አልተፈጠረም። የከተማው ውሃ ጨው በዝቶበት ሳሙናቸው አረፋ አልሰጥ ስላለ ገዢው እየሸሸ ነበር። ቦርዱም “በስድስት ወር አዲስ ምርት ካልመጣ በሩ ይዘጋል” ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ተራ ሰው ቢሆን ውሃውን ያስመረምር ነበር። እሳቸው ግን የፓተንት መረጃ ትንተና ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው በዓለም ላይ የተመዘገበውን የሳሙና ፈጠራ ሁሉ አሰባስቦ ግድግዳ የሚያህል ካርታ ሠራ። ቀዩ ነጥብ ሌላ ሰው ቀድሞ የያዘው ነው፤ ነጩ ቦታ ያልተነካ የንግድ ዕድል ነው ተባለ።

ሃያ ዓመት ሳሙና ሲያበስል የኖረው ሠራተኛ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ገባ።

“ጌታዬ፣ በጨው ውሃ አረፋ የሚያወጣ ሳሙና እየሞከርኩ ነው። ትልቁን በርሜል ለሁለት ሳምንት ቢፈቅዱልኝ እጨርሰዋለሁ።”

ሥራ አስኪያጁ ካርታውን በዘንግ ነካ አደረጉት። “ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ አለ። ሰው በሚጋፋበት ቦታ ምን ትሠራለህ? ይልቅ ይሄን ነጭ ቦታ እየው።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“በውሃ የማይሟሟ ሳሙና። እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላሰበውም።”

“ካልሟሟ በምን ያጥባል?”

“አያልቅማ። ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።”

ኮሚቴው አጨበጨበ። አብሳዩ ሳቁ አመለጠው፤ በዚያው ሳምንት “ከዕድል ጋር መራመድ ባለመቻሉ” ተሰናበተ።

የስድስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን የፓተንቱ ምስክር ወረቀት ደረሰ። ለሃያ ዓመት ይህን ሳሙና ማንም አስመስሎ መሥራት አይችልም። እርግጥ የሞከረም አልነበረም፤ የገዛም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጁ በኮሚቴው ፊት መረከባቸውን በኩራት ሲፈርሙ እስክሪብቶው ቀለሙን እጃቸው ላይ ተፋው። በገዛ ሳሙናቸው ቆዳቸው እስኪላጥ ፈተጉ። ቀለሙም ሳሙናውም እንዳለ ነው።

ጸሐፊያቸው አዝና ከቦርሳዋ ሌላ ሳሙና አወጣችላቸው። እጃቸው በአረፋ ተሞላ።

“ይሄ ከየት መጣ?”

“ከጎረቤት ፋብሪካ። ያ ያሰናበቱት አብሳይ ነው የሠራው፤ ፓተንትም አውጥቶበታል።”

እጃቸውን በጥንቃቄ አደራርቀው ወደ ካርታው ሄዱ፤ አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋን ቀይ ነጥብ ራሳቸው ለጠፉ።

“አላልኳችሁም?” አሉ ወደ ኮሚቴው ዞረው። “ቦታው ሰው በዝቶበታል።”

ታች ግቢ ዘበኛው በቦርዱ ትእዛዝ የፋብሪካውን በር ዘጋ። መቀርቀሪያው ስለላላበት ከበሩ ሥር ሁለት የማይሟሟ ሳሙና ወሸቀ። በሩ ፍንክች አላለም።