የአያ አምባቸው የጆሮ ክኒን

መድኃኒት የሚቆጥብ ሰው የሌለበት ቤት የለም። ሁለት ቀን ውጦ ሻል ሲለው የቀረውን በጨርቅ ይቋጥርና «ለክፉ ቀን ነው» ይላል። ክፉው ቀን ደግሞ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

በመካነ ሰላም ከተማ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥበውና መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰር ክንፈ ብዙ ቆጣቢ አይቷል፤ የሁሉም አለቃ ግን ክቡር አያ አምባቸው ናቸው። የዓይን ቅባት ቢሰጣቸው ግማሹን ለበሬያቸው የጫንቃ ቁስል አዋሉት። የኮሶ ክኒን ቢያዝላቸው ከባለቤታቸው ከወርቂቱ ጋር እኩል ተካፈሉት፤ ኮሶው ከሁለቱም ሆድ አልወጣም።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቀኝ ጆሯቸው መግል እያፈሰሰ መጡ። ግራው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰማም። ክንፈ መግሉን በጥጥ አደረቀና ለሰባት ቀን የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን መግሉ ቆመ፤ አያ አምባቸውም መዋጡን አቆሙ። በሳምንቱ ሕመሙ ብሶባቸው ተመልሰው መጡ።

«የቀረው ክኒን የት አለ?» አለ ክንፈ።

«አብሽር፣ ሐኪም። ለክፉ ቀን አስቀምጨዋለሁ።»

ክንፈ ሊቆጣ አሰበና ተወው። በ65ቱ ድርቅ ጎረቤት ሁሉ ዘሩን ቆልቶ ሲበላ፣ አንድ ቁና ጤፍ ደብቀው ዝናብ ሲመለስ የዘሩ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «አይቆጥቡ» ማለት ይከብዳል።

«በአሥር ቀን ውስጥ መሬት ሊደለደል ነው» አሉ አያ አምባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አርባ ዓመት የሰው መሬት አርሻለሁ። ስሜ ከባለመሬት ጋር ሲጠራ በገዛ ጆሮየ ልስማው።»

«እንግዲያው ክፉው ቀን ዛሬ ነው። ይዋጡ።»

ክንፈ ሌላ ክኒን ጨመረላቸውና ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ ደጃቸው እየሄደ አስዋጣቸው። ምላሳቸውን እያስነሣ ሳይቀር ያይ ነበር። «ቀረጥ ተቀባይ እንኳ እንዲህ አይፈትሽም» እያሉ አጉረመረሙ፤ ግን ዋጡ። ጆሮው ደረቀ።

በድልድሉ ቀን ገበሬው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስም መጥራት ጀመረ።

«አምባቸው አድማሴ!»

መልስ የለም። ክንፈ ከዳር ቆሞ አንገቱን አስግጎ ፈለጋቸው።

«አምባቸው አድማሴ!»

ክንፈ ሰዉን እየገፋ አጠገባቸው ደረሰና በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ «አልሰሙም?» አላቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «ደግሞ ይጥራኝ ብየ ነው።»

ክንፈ ቀና አለና ወደ ሊቀመንበሩ እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙላቸው።»