የሰው እግር የተሳልኩ ዕለት

እግዜር የለም የሚሉ ሰዎችን ያህል ስለ እግዜር አብዝቶ የሚያወራ የለም። ካላመናችሁኝ ጋምቤላ ኑና የልጅ ልጄን ቢኒያምን ምሳ ጋብዙት። የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ገና ሳይጎርስ፣ "እማዬ፣ ያለው ቁስ ብቻ ነው፤ የሚታይና የሚዳሰስ" ይለኛል። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ዛሬ መቲ ነገ ጎግ እያልኩ በየወረዳው ስዞር የምኖር አሮጊት፣ "እሺ ልጄ፣ ቁሱ ሳይቀዘቅዝ ብላ" እለዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ የሦስት ዓመት ልጁን ማርታን ወባ ያዛት። እሱ አቅፏት ጤና ጣቢያ ሮጠ። እኔ በራፉ ላይ እንደቆምኩ ተሳልኩ፦ "ሚካኤል፣ ይህችን ልጅ ማርልኝ፤ አባቷ ራሱ ጥላ ተሸክሞ ደጅህ ያመጣልሃል።" የሠራሁትን አያችሁ? ሰው ጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል... እኔ የሰው እግር ተሳልኩ። ያውም የማያምን ሰው እግር።

ልጅቷ ዳነች። ጥላውን ገዝቼ ነገሩን ስነግረው ቢኒያም ሳቀ።

"ያዳናት ኪኒኑ ነው፣ እማዬ።"

"ኪኒኑን መች ናቅኩት?"

"ታዲያ ራስሽ አድርሺ። ሳታማክሪኝ እንዴት በእኔ ትሳያለሽ?"

"እኔ ካደረስኩት ስለቱ አልገባም። ሕመሙ ቢመለስባትስ? እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ነው።"

"እንዲህ የሚባል ነገር የለም።"

"ጥላው ይታያል?"

"ይታያል።"

"ይዳሰሳል?"

ዘርፉን በጣቱ ነካ አደረገው።

"እንግዲያው አንተ ከምታምንበት ወገን ነው። ተሸከመው።"

ዘንጉ ረዝሞ ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ። በዚያ በሚጠብስ ፀሐይ ወደ ሚካኤል በእግር ወጣን። ባሮ ድልድይ ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ቢገባበት ጥላውን ዘረጋው። እሱ ፀሐይ መከለሉ ነበር፤ መንገድ ዳር ያሉት ሴቶች ግን ይህን በምን ያውቃሉ? እልልታውን አቀለጡት። አንድ ረጅም የኑዌር ልጅ፣ ተማሪው ነው፣ አጠገቡ እየተራመደ፣

"ቲቸር፣ ቄስ ሆነሃል እንዴ?" አለው።

"ፀሐይ መከለያ ነው።"

"ወርቃማ ዘርፍ አለው እኮ፣ ቲቸር።"

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ቢኒያምን መረቁት። አሜን አላለም። ወደ ቄሱ ጠጋ ብዬ፣

"አባ፣ ሳያምን የተሸከመው ይቆጠራል?" አልኳቸው።

"ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?"

"ተሸክሞ ያመጣል ብዬ።"

"አመጣ። ስለትሽ ገብቷል።"

ስንመለስ ቢኒያም ተንኮል አማረው።

"እማዬ፣ ከተሳልሽ አይቀር፣ ለምን 'አምኖ ያመጣዋል' አላልሽም?"

"ልጅህ እንደዚያ እየነደደች፣ ሁለት ነገር ባንዴ መለመን ፈራሁ" አልኩት።