እጅ ሲነሳ ወደ አዝማች

በአንድ ጉባኤ ውስጥ ትልቁ ሥልጣን የማን ይመስላችኋል? የፓስተሩ? የሽማግሌዎቹ? ተሸውዳችኋል! ላፕቶፑ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙሩን ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልቀየርኩ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መዝሙር መሪያችን ወንድም ቢንያም ሁለት እጁን ወደ ላይ ካነሳ ደግሞ "ወደ አዝማቹ ተመለሽ" ማለቱ ነው። ጣቴ ከሐሳቤ ቀድሞ የኋሊቷን ቀስት ይጫናል። ስቼ አላውቅም። (ጉራ አይደለም... እሺ፣ ትንሽ ነው።)

ይህንኑ ችሎታዬን ተማምኜ፣ ለየዝግጅቱ ስክሪን የሚያከራይ አንድ የዙሪክ ድርጅት ውስጥ "ሌረ" እንዲሰጡኝ አመለከትኩ፤ እየሠሩ መማር ማለት ነው። አለቃዋ ፍራው (ወይዘሮ) ብሩነር መጀመሪያ አንድ ቀን ሥራ ላይ ልይሽ አሉኝ። ቦታው ጄኔቫ፤ ዝግጅቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የፖከር ውድድር!

እማዬ "ፖከር" የምትለዋን ቃል ስትሰማ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ገንዘብ እንደሌለበት፣ ሽልማቱም አንድ ድብልብል አይብ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት።

"ታዲያ በአይብ ሲሆን ቁማር አይደለም?"

ብዙ ከተሟገትን በኋላ በአንድ ቃል ኪዳን ለቀቀችኝ፦ "ዓይንሽ ስክሪን እንጂ ካርታ እንዳያይ።"

አራት ስክሪን ዘረጋን። አንዱ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ አንዱ ማን እንደወደቀ፣ አንዱ ምሳው ምን እንደሆነ ያሳያል። ትልቁ ግን የዙሩን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ዙር በተቀየረ ቁጥር ተጫዋቹ ሳይወድ በግዱ የሚያስቀምጠው ቺፕ፣ በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠረው ጠጠር፣ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቺፕ ያነሰበት ሰው ያንን ሰዓት እንደ ፈተና ሰዓት እያየ ያልበዋል። ሁሉም የሚታዘዘው ከኔ ላፕቶፕ ነው። ፍራው ብሩነር ደግሞ ከጀርባዬ ቆመዋል...

እስከ ከሰዓት ሰላም ነበር። ከዚያ ፊት ለፊቴ የነበሩት መላጣ ሰውዬ ቺፑን ሁሉ ጠራርገው በሉና፣ ከደስታ ብዛት ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ካርታ አላየሁም፣ ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ እጅ ግን አየሁ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ቀስቷን ተጫንኳት። ትልቁ ስክሪን ወዳለፈው ዙር ተመለሰ፤ ሰዓቱም እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረ። አዝማች!

አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ቺፕ ያነሰባቸው አጨበጨቡ፤ የተከመረላቸው በፈረንሳይኛ ተንጫጩ። ፈረንሳይኛዬ የትምህርት ቤት ስለሆነ ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ፤ ግማሹም በቂ ነበር። ልትወድቅ አንድ ሐሙስ የቀራት አንዲት ሴትዮ ግን መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ እንደ ጄኔቫ ወግ።

"ምን አድርገሽ ነው?" አሉኝ ፍራው ብሩነር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የኔ አፍ መቼ ዝም ይላል?

"ሰውዬው እጃቸውን አነሱ።"

"ታዲያ?"

"እኛ ቤተ ክርስቲያን እጅ ሲነሳ ወደ አዝማች እንመለሳለን።"

ትክ ብለው አዩኝ። ዙሩንና ሰዓቱን ራሳቸው አስተካከሉ። በቃ፣ ሌረዬ ውኃ በላው ስል፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ከአሁን በኋላ ሰው እጁን ሲያነሳ፣ አንቺ እጅሽ ላይ ተቀመጪበት።"

ተቀመጥኩበት። ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱ ዘለለ... እኔ ንቅንቅ የለም!

በባቡር ወደ ዙሪክ ስንመለስ፣ ለምን እንደተሳሳተች የምታውቅ ልጅ ትሻለኛለች ብለው፣ ሌረውን ነሐሴ ላይ እንድጀምር ነገሩኝ። በደስታ እጄን ላነሳ ስል ትዝ አለኝና ተውኩት።

እሑድ ደረሰ። ወንድም ቢንያም ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዝሙሩ ውስጥ ጠልቆ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

እኔም እጄ ላይ ተቀመጥኩ።

አዝማቹ አልመጣም። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቢንያም አንድ ዓይኑን ገልጦ ፈለገኝ። እማዬም ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ያለ ስላይድ አነበብኩት፦ ቁማሩ ልጄን በላት።