የመርከብ ጋቢና

ሰው ክብሩ የሚታወቀው ሲሳፈር ነው። ቤቱ ውስጥማ ማን የማይከበር አለ? መናኸሪያ ይምጣና ይታይ! ረዳቱ ገና ሲያየው «አባባ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ» ካለው፣ ሰውየው ሰው ነው። «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ» ካለው ደግሞ አርፎ ጎማው ላይ ይቀመጥ። እኔ ዲላ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ስሸጥ የሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ከሾፌሩ ጎን ካልሆነ ይርጋጨፌ እንኳ አልሄድም። ትዕቢት እንዳይመስላችሁ፤ ሥርዓት ነው።

ባለቤቴ ጽጌም የምትቀመጠው ጋቢና ነው፤ የእሷ ግን ለክብር ሳይሆን ለጤና ነው። መኪና ያስመልሳታል። እዚሁ አጠገባችን ጨለለቅቱ ለቅሶ ለመድረስ ስንሄድ ገና ከዲላ ሳንወጣ ሎሚዋን ታሸታለች፣ ፌስታሏን ትዘረጋለች። ደርሰን ስንወርድ ለቀስተኛው ሐዘንተኞቹን ትቶ እሷን ነው የሚያጽናናው።

እንግዲህ ልጃችን ቤዛ መርከብ ላይ ውጪ ያለቻት ይህችን ሴት ነው። ቤዛ ዓረብ አገር፣ ሰፈር በሚያክል የሽርሽር መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ትሠራለች። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ወላጆች ሲጋብዝ እኛንም አስመዘገበችን። ጽጌ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣባት። አለቆቿ ፊት ካስመለሰኝ ልጄን አዋረድኳት ማለት ነው፣ ከዚያስ ብቀር ይሻለኛል ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። አይዞሽ፣ የማያስመልስሽን ክፍል ራሴ እመርጥልሻለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ቤዛ የመርከቡን ፕላን በቴሌግራም ልካ ቶሎ ክፍል ምረጡ አለች። እኔም ስልኩን ይዤ በቀጥታ ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ዘንድ! ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፕላኑን ወዲያ ወዲህ ካሉት በኋላ፣ ጎማው የት ጋ ነው ብለው ጠየቁኝ። መርከብ ጎማ የለውም አልኳቸው። እንዲያ ከሆነ ግማሹ ችግር ተቃልሏል አሉ።

ከዚያማ ሥራው ቀለለ። ላይኛው ፎቅ ቀረ፤ ላይ የሚጫነው ፍየልና ፍራሽ ነዋ! ታችኛውም ቀረ፤ ታች የሚገባው ኬሻ ነው። ኋላማ ምኑ ይወራል? የተረፈው የመርከቡ አፍንጫ ነው፤ ጋሽ ታደለም ጣታቸውን እዚያው ላይ ተክለው፣ ይኸውላችሁ ጋቢናው ብለው ፈረዱ።

ቤዛ ይህን ስትሰማ በስልክ ጮኸች። አባዬ፣ ከማዕበሉ ጋር የሚጋፈጠው አፍንጫው ነው፣ መሐል ላይ፣ ታችኛውን ፎቅ ያዙ ብላ ለመነችኝ። ታች! ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ ከኬሻ ጋር ልትጭነኝ! በጣም ከፋኝ። ጽጌ ደግሞ የልጅቷን ብንሰማ ምን አለበት አለች። ሾፌር የሚለውን ትተን አስተናጋጅ የምትለውን ልንሰማ ነው ወይ ብዬ ዝም አሰኘኋትና አፍንጫውን መረጥኩ።

የተሳፈርን ዕለት ክፍላችን ገብቼ አልጋው ላይ ተንደላቀቅኩ። አየሽ፣ ንቅንቅ አይልም አልኳት። ለካ ያልተነቃነቀው ገና ስላልተነሳ ኖሯል! ወደቡን ለቆ ሲወጣ፣ ወይ ጉድ! አፍንጫው እንደ ደንባራ በቅሎ ይዘል ጀመር። ጽጌ ሎሚዋን ይዛ፣ ፌስታሎቿን ትታ፣ ልጄ ወዳለችበት መሐል ልሂድ ብላ ውልቅ አለች። መሐል ላይ ሻይ እንኳ ከብርጭቆው አይፈስም አሉ። «አሉ» የምለው ስላላየሁት ነው። እኔ ክብሬን ይዤ ጋቢናዬ ውስጥ ቀረሁ፤ ጣራው ወለል፣ ወለሉ ጣራ እየሆነብኝ።

በዚህ መሐል የቤዛ አለቃ አባቷን ሰላም ልበል ብሎ መጣ። እንግዳ ቆሞ እኔ ልተኛ? አባቴ እንዲያ አላሳደገኝም። እንደ ምንም ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። መርከቡም አብሮኝ ብድግ አለ። ከዚያ የሆነውን የአለቅየው ነጭ ጫማ ይናገር! ለልጇ የፈራችው ጽጌ ሳትሆን እኔው ልጃችንን ጉድ ሠራኋት።

ቤዛን ከጉድ ያወጣቻት እናቷ ናት። ወሬውን ሰምታ መጥታ አለቅየውን በአማርኛ፣ በእጅና በዓይን እንዲያ አድርጋ ይቅርታ ብትጠይቀው፣ ሰውየው ሥቆ ከራሱ ጠረጴዛ ራት ጋበዛት። ስትበላ፣ ስትጨፍር፣ ፎቶ ስትነሳ ሰነበተች። እኔ ስስቅበት የኖርኩትን ፌስታሏን አንድ ሳላስቀር ጨረስኩት።

ዲላ ስንመለስ ጋሽ ታደለን ቀጥታ ሄጄ አፋጠጥኳቸው። ሞተሩ የት ነው ያለው አሉኝ። ኋላ ነው ስላቸው ግንባራቸውን መቱ። ሞተሩ ኋላ ከሆነማ ጋቢናው ኋላ ነዋ፣ ዞራችሁ ተቀምጣችሁ በእኔ ታሳብባላችሁ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ትንሽ አመንኳቸው።

ሰሞኑን ቤዛ ደውላ ነበር። አለቅየው ደግመው ይምጡ ብሏል፤ አሁንም ክፍል ምረጡ አለች። ጋሽ ታደለን ላማክር ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ጽጌ ከጓዳ ሆና ስትመልስላት ሰማኋት፤ «ለእኔ መሐል ላይ፣ ታችኛው ይሁንልኝ። አባትሽ ወደቡ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል።»