ጓንት ያደረገው አልቃሽ

የታሪክ ተመራማሪ ቤታችሁ ሲመጣ በሩን ደህና አድርጋችሁ ዝጉ! ሌባ እንኳ ቢገባ የሚወስደው ቴሌቪዥን ነው። ተመራማሪው ግን ግድግዳ ግድግዳውን ያይና «ይሄ እኮ ቅርስ ነው!» ይላችኋል፤ እናንተም በደስታ ራሳችሁ አውርዳችሁ ትሰጡታላችሁ። ከልምድ ነው የማወራችሁ።

እኔ የሰጠሁት የአያቴን ጦር ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ የጦር ታሪክ ሙዚየም ሲደራጅ ዶክተር ይበልጣል የሚባል የታሪክ መምህር፣ የጎጃም ሰው፣ ቤቴ መጣና ጦሩን በነጭ ጓንት ተቀበለኝ። በነጭ ጓንት! እኔ አቮካዶ ሳወርድበት የኖርኩትን ጦር... ስሜ ጦሩ ከተቀመጠበት መስታወት ሥር ተጽፎ ሳየው ደረቴን ነፋሁ። ለዘመድ መንገሩን ግን ረሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ ጉኑኖ የሚኖሩት አጎቴ ጋሽ ዳልኬ አረፉ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ጦር ተይዞ እየተሮጠ፣ ሟች እየተወደሰ ነበር የሚሸኘው። አሁን አሁን አብዛኛው አማኝ በመዝሙር ብቻ ይሸኛል። ጋሽ ዳልኬ ግን «መዝሙሩም ይዘመር፣ የአባቴም ጦር ይውጣ» ብለው ተናዝዘዋል። ልጃቸው ማርቆስ በማለዳ ደወለልኝ።

«ጦሯ የት አለች?»

«ሙዚየም።»

«ምን ልትሠራ ገባች?»

«ሰው እንዲያያት ነዋ...»

«ሰው ሁሉ ጉኑኖ ነው ያለው! ቀብር ስምንት ሰዓት ነው። ጦሯን ካልያዝክ አንተም አትምጣ!»

እየሮጥኩ ሙዚየም ደረስኩ። ዶክተሩ ከልቡ አዘነልኝ፤ ጦሩን ግን አልሰጥም አለ።

«ቅርስ ከመስታወት የሚወጣው ኮሚቴ ሲወስን ነው።»

«ኮሚቴው ማነው?»

«ሦስት የታሪክ ምሁራን ነን። በጦሩ ዕድሜ ላይ ተከራክረን ገና አልጨረስንም። ሐሙስ እንሰበሰባለን።»

«ዶክተር፣ አጎቴ እስከ ሐሙስ አይቆዩም!»

የሟች ኑዛዜ በእኔ ጉራ ሊቀር ነው! እንባዬ መጣ። ዶክተሩ አየኝና በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፣ እኔው ይዤው እሄዳለሁ። ከእጄ ግን አይወጣም» አለ። ሚኒባስ ውስጥ ጦሩን በጓንቱ አቅፎ፣ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር «ቀስ! ቅርስ ነው!» እያለ ሹፌሩን አሰቃየው።

ለቅሶው ሜዳ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጦሩን አይተው እፎይ አሉ። ማርቆስ እጁን ዘረጋ። ዶክተሩ አለቅም አለ። ለቅሶ ላይ ጉተታ ደግሞ ነውር ነው... አንድ ሽማግሌ «ጦር የያዘ ይመራል!» ብለው ወደፊት ገፋ አደረጉት፤ ሕዝቡም ከኋላው ተከተለ። ምን ይበል? ሟችን አያውቃቸው፣ ወላይትኛ አይችል! ትንሽ ሮጠ፣ ቆመ፣ ከዚያ በአገሩ ዜማ «አባቴ!... አባቴ ሆይ!» ብሎ ለቀቀው። ለካስ አባቱ ሲሞቱ መንገድ ተዘግቶበት ለቀብራቸው አልደረሰም። አማርኛ የማይሰሙት ሳይቀሩ አብረውት ተንሰቀሰቁ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ከአጎቴ ይልቅ ለማላውቃቸው ለእሱ አባት አለቀስኩ።

ከቀብር መልስ የጋሽ ዳልኬ ባለቤት እኔን አልፈው እሱን እቅፍ አደረጉት። «ዳልኬን ደህና አድርገህ ሸኘህልኝ። ከእንግዲህ የእኛ ልጅ ነህ» አሉት። ጦሩ ወደ መስታወቱ ሲመለስ ማንም አልተቃወመም።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ደወለልኝ። «ቢጠና የሚኖሩት አክስትህ አርፈዋል፤ ተዘጋጅ፣ በዚያው አልፌ እወስድሃለሁ» አለኝ። አያችሁልኝ? የገዛ ዘመዶቼን መርዶ የምሰማው ከሙዚየም ሆኗል!